ልብ ሲፈጥን የዓይን ደም ስሮች ምን ያደርጋሉ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? ዕድሜዬ 31 ነው። ከሥራ በኋላ ጂም እገባለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እንጦጦ እሮጣለሁ። ከባድ ክብደት ሳነሳ ዓይኔ የተወጠረ ይመስለኛል። ሩጫ ጨርሼ ድንገት ስቆም ደግሞ ለጥቂት ሰከንድ ይጨልምብኛል። አባቴ ግላኮማ የሚባል፣ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ አለበት፤ ቲሞሎል የሚባል ጠብታ ይጠቀማል። የዓይን ደም ስሮች በጣም ቀጫጭን ናቸው ሲባል እሰማለሁ። ልቤ ያን ያህል እየመታ እንዴት አይፈነዱም? ስፖርቱን ልቀጥል ወይስ ልተው? አባቴስ እንቅስቃሴ ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። አጭሩ መልስ፣ ቀጥል ነው። ሁለት ነገር ግን አስተካክል። ክብደት ስታነሳ ትንፋሽህን አትያዝ፤ ሩጫህንም ድንገት አታቁም። አባትህ ግላኮማ ስላለበት ደግሞ አንተም ዓይንህን መታየት አለብህ። አሁን ወደ ዝርዝሩ ልግባ፤ የጠየቅከው ነገር ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል።

ቁጭ ብለን ስናርፍ ልባችን በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ይረጫል። የሠለጠነ ሰው ጠንክሮ ሲሮጥ ይህ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጭማሪውን በአብዛኛው የሚወስደው ጡንቻ ነው። ቆዳም ሙቀት ለማስወጣት ድርሻውን ያገኛል። አንጀትና ኩላሊት ግን ለጊዜው ይቀነስባቸዋል። ዓይን ከሁለቱም ወገን የለም። ስትሮጥ ዓይንህ ያው ማየቱን ነው የሚቀጥለው፤ እንደ እግር ጡንቻህ ሥራው አሥር እጥፍ አልጨመረም። ስለዚህ የሚፈልገው ደም እንዳያንስበትም እንዳይበዛበትም ነው። ካነሰበት ማየት ይደክማል። ከበዛበት ደግሞ ቀጫጭኖቹ ስሮች ፈሳሽ ማሳለፍ ይጀምራሉ፣ ውስጡ ያብጣል። በአንድ ዓይን ውስጥ በደቂቃ የሚያልፈው ደም 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ልብ አራትና አምስት እጥፍ ሲረጭ ይህችን ትንሽ መጠን ከመዛነፍ መጠበቅ ቀላል ሥራ አይደለም።

ደሙ ወደ ዓይን የሚመጣው በአንገት በኩል ወደ ራስ ቅል ከሚገባው ትልቅ ደም ቅዳ ቧንቧ ቅርንጫፍ ነው። ዓይን ጋ ሲደርስ ሁለት ዋና መንገድ ይይዛል። አንዱ በዓይን ነርቭ መሃል ገብቶ ሬቲና ላይ ይዘረጋል። ሬቲና ከዓይን ኋላ የተነጠፈው፣ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን ነው። ይህ መንገድ የሬቲናን የውስጥ ክፍል ይመግባል። ሁለተኛው መንገድ ከሬቲና ጀርባ ወዳለው ኮሮይድ ይሄዳል። ኮሮይድ ከዳር እስከ ዳር በደም ስር የተሞላ ሽፋን ነው፤ ብርሃን ተቀባይ ሴሎችን ከጀርባ የሚመግበው እሱ ነው። ከዓይን ደም 85 ከመቶ ገደማ የሚያልፈው በኮሮይድ ነው። የሬቲና ስሮች ድርሻ 5 ከመቶ አካባቢ ቢሆን ነው።

ሁለቱ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሬቲና የደረሰውን ትንሽ ደም አሟጦ ይጠቀማል፤ ብዙ ኦክስጅን ይወስድበታል። ኮሮይድ ግን ከሚያልፍበት ደም ኦክስጅን የሚወስደው ከ3 እስከ 4 ከመቶ የሚሆነውን ብቻ ነው። ያ ሁሉ ደም በፍጥነት የሚያልፈው ኦክስጅን ሁልጊዜ ሞልቶ እንዲገኝ ነው። ብርሃን ሲወድቅበት የሚፈጠረውን ሙቀትም ጠርጎ ይወስዳል።

አሁን ወደ ግፊቱ እንምጣ። ብዙ ሰው የደም ግፊትንና የዓይን ግፊትን አንድ ያደርጋቸዋል። የተለያዩ ናቸው። የደም ግፊት ደሙን ወደ ዓይን ይገፋል። የዓይን ግፊት ደግሞ ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የሚፈጥረው ነው፤ የሚገባውን ደም መልሶ ይገፋል። በጤናማ ሰው ላይ በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ዓይንን በትክክል የሚመግበው የሁለቱ ልዩነት ነው። ቁጭ ላለ ሰው እንዲህ ይሰላል፦ ከአማካይ የደም ግፊት ሁለት ሦስተኛው ተወስዶ የዓይን ግፊት ይቀነስበታል። የደም ግፊትህ 120 በ80 ቢሆን አማካዩ (ወደ ታችኛው ቁጥር ስለሚያደላ) 93 ገደማ ነው። ሁለት ሦስተኛው 62 ይሆናል። የዓይን ግፊትህ 15 ከሆነ 47 ይቀራል። አሁን ብስክሌት ላይ ወጥተህ አማካይ ግፊትህ 120 ደረሰ እንበል። ሁለት ሦስተኛው 80 ነው። ስፖርት የዓይን ግፊትን ስለሚቀንስ እሱም ወደ 12 ወርዷል እንበል። የቀረው 68 ነው። ደም የሚገፋው ኃይል ከ47 ወደ 68 ወጣ ማለት ነው፤ 45 ከመቶ ገደማ ጨመረ። የዓይን ስሮች ዝም ብለው የተቀመጡ ቧንቧዎች ቢሆኑ ደሙም በዚያው ልክ በጎረፈ ነበር። አይጎርፍም። ሌሊት ውሃው በኃይል ሲመጣ ቧንቧውን ትንሽ ጠበብ አድርገን መጠኑን እንደምንይዘው ሁሉ፣ ስሮቹ ራሳቸው ይጠባሉ።

የሚገርመኝ ሬቲና ይህንን የሚያደርገው ያለ ነርቭ ትእዛዝ መሆኑ ነው። ልብን የሚያስሮጠው፣ አንጀት ላይ ያሉትን ስሮች የሚያጠበው ነርቭ ዓይን ውስጥ ያሉት የሬቲና ስሮች ጋ አይደርስም። እዚያ ሁሉም ነገር በቦታው ነው የሚወሰነው። የደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ ያለው ጡንቻ ሲለጠጥ በራሱ ይኮማተራል። ይህን የስሮች ጠባይ እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዊልያም ቤይሊስ በ1902 ገልጾታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በተጨማሪ ስሮቹ በዙሪያቸው ያለውን ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያዳምጣሉ። ኦክስጅን ሲበዛ ይጠባሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ይሰፋሉ። የስሩ የውስጥ ሽፋንም የራሱን ኬሚካሎች ያመነጫል፤ ናይትሪክ ኦክሳይድ ያሰፋል፣ ኢንዶቴሊን ያጠባል።

ኮሮይድ ደግሞ በነርቭ የተሞላ ነው። ስፖርት ስትጀምር የሚነቃው የነርቭ ክፍል የኮሮይድን ስሮች የማጥበብ አቅም አለው። ድሮ ኮሮይድ ራሱን መቆጣጠር አይችልም፣ የመጣለትን ሁሉ ያሳልፋል ይባል ነበር። ይህ ሐሳብ ተቀይሯል። የተቀየረበት መንገድ ለአንተ ቅርብ ነው፤ በቁጭ ብድግ ነው። ተመራማሪዎች በጎ ፈቃደኞችን ቁጭ አስደርገው በዚያው ያቆዩአቸዋል። ጭናቸው እየተንቀጠቀጠ የደም ግፊታቸው ይወጣል። በዚያው መሃል የዓይናቸውን ደም በሌዘር ይለካሉ። በ1997 በወጣ ጥናት ደሙን የሚገፋው ኃይል ከግማሽ በላይ ጨምሮ እንኳ የኮሮይድ ፍሰት ከመነሻው ብዙም አልራቀም። ሬቲና ላይ ደግሞ በ1986 የወጣ ሥራ አለ፤ የደም ግፊት 40 ከመቶ ገደማ እስኪጨምር ድረስ ፍሰቱ አልተነቃነቀም። ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን መቆጣጠሪያው ይረታል። ቪየና ያሉ ሐኪሞች ደግሞ የኢንዶቴሊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ሰጥተው ቁጭ ብድጉን አሠሩ። የኮሮይድ ደም ከወትሮው በላይ ጨመረ። ስለዚህ ኢንዶቴሊን ከዘበኞቹ አንዱ መሆኑን አወቅን።

ሰው እስኪዝል ድረስ ሲሠራ ሌላ ነገር ይመጣል። ጃፓን ውስጥ በብስክሌት ላይ በተሠሩ ጥናቶች፣ ሰዎቹ አቅማቸው ተሟጦ ሊያቆሙ ሲሉ የሬቲና ደም ቀነሰ። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። በጣም ስንደክም በኃይል እናለከልካለን፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደማችን ውስጥ ተጠርጎ ይወጣል። የሬቲና ስሮች ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ ይጠባሉ። የአንጎል ስሮችም እንደዚሁ ናቸው።

እንጦጦን ስላነሳህ፣ እዚያ ላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነህ። ኦክስጅኑ ሳሳ ይላል፣ የሬቲና ስሮችም በዚያው ልክ ሰፋ ብለው ደም ይጨምራሉ። አዲስ አበባ ለሚኖር ጤናማ ሰው ይህ አያሳስብም። ከባሕር ጠለል አካባቢ፣ ለምሳሌ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ካለህ ግን በደረሰ ማግስት ይዘኸው አትውጣ። ጥቂት ቀን ይልመደው።

ወደ ክብደቱ ልመለስ፤ የእኔ ስጋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ1985 የታተመ ጥናት ሰውነት ገንቢዎች በሁለት እግር ከባድ ክብደት ሲገፉ የደም ግፊታቸውን ደም ቅዳ ውስጥ በገባ ቱቦ ለካ። አማካዩ 320 በ250 ነበር። አንዱ ሰው ላይ 480 በ350 ተመዘገበ። ቁጥሩን እንደገና አንብበው። ይህን ያህል የሚወጣበት ትልቁ ምክንያት ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ነው። ትንፋሽ ዘግተህ ስታምጥ ደረትህ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል። ከራስ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም መንገድ ያጣል፤ ወደ ኋላ ይከማቻል። ፊትህ ይቀላል፣ የአንገትህ ስሮች ይገተራሉ። የዓይን ደም መልሶችም አብረው ይሞላሉ። ያ የመወጠር ስሜትህ በአብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው።

የዓይን ግፊትም ይወጣል። በ2006 የወጣ ጥናት ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ክብደት ወደ ላይ መግፋት) የሚሠሩ 30 ወንዶችን ተመለከተ። ትንፋሽ ይዘው ሲያነሱ የዓይን ግፊታቸው በአማካይ በ4.3 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ጨመረ። እየተነፈሱ ሲያነሱ ጭማሪው 2.2 ነበር። በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፤ ያውም ያለ ምንም መድኃኒት፣ በትንፋሽ ብቻ።

ታዲያ ለምን አይፈነዳም? የደም ቅዳዎቹ ግድግዳ ይጠባል፣ ይጠነክራል። በሚያምጥ ሰው ላይ ደግሞ የዓይን ግፊት ከውጭ ስለሚደግፋቸው ግድግዳቸው ላይ የሚያርፈው ልዩነት ይቀንሳል። ደካማው ጎን የደም መልሶቹና የጥቃቅኖቹ ስሮች ነው። አልፎ አልፎ እነሱ ይበጠሳሉ። በ1972 አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ቶማስ ዱዌን ይህን በሽታ ገልጾ ስም ሰጥቶታል፤ ቫልሳልቫ ሬቲኖፓቲ ይባላል። ሰውየው ከባድ ነገር ያነሳል፣ ወይም በኃይል ያስላል፣ ወይም ያስመልሳል፤ ወዲያው አንድ ዓይኑ መሃል ላይ ጨለማ ወይም ቀይ ነጠብጣብ ይታየዋል። ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ ግን በሐኪም መታየት አለበት። ከዚህ የተለየው የዓይን ነጭ ክፍል ላይ የሚወጣው ቀይ ነው። እሱ ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ፣ ሕመምና የእይታ ለውጥ ከሌለው በራሱ የሚጠፋ ነው።

ስለዚህ ስታነሳ አስወጣ፣ ስታወርድ አስገባ። ትንፋሽ ሳትይዝ ማንሳት ካቃተህ ክብደቱ ለዛሬ በዝቶብሃል። ቀንስ። ጂም ውስጥ ጓደኛ እያየህ መቀነስ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ ግን ቀንስ።

ስትቆም የሚጨልምብህስ? ሩጫ ላይ የእግርህ ስሮች ሰፍተዋል። ደሙን ወደ ላይ የሚመልሰው የእግር ጡንቻ መኮማተር ነው። ድንገት ስትቆም ይህ ይቋረጣል፤ ደሙ እግርህ ላይ ይቀራል፣ ግፊትህ ይወርዳል። ዓይን ከአንጎል ቀድሞ የሚጠፋው የራሱ የውስጥ ግፊት ስላለው ነው። ደም ወደ ዓይን ለመግባት ያንን 15 ገደማ ማሸነፍ አለበት። የተዋጊ ጄት አብራሪዎች በሹል ሲታጠፉ መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ጨለማ ያያሉ፤ ራሳቸውን ግን ገና አልሳቱም። አንተ ላይ የሚደርሰው የዚያው ትንሹ ነው። መፍትሔው ከሩጫ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ መራመድ ነው። እንዲህ እያደረግህም ከቀጠለ፣ ወይም ራስህን ከሳትክ፣ ወይም ደረትህን ካመመህ የልብ ሐኪም ይይህ።

አባትህን በተመለከተ፣ አዎ፣ መንቀሳቀስ ይችላሉ፤ ይገባቸዋልም። ፈጣን የእግር ጉዞ የዓይን ግፊትን ለጊዜው ይቀንሳል። በመደበኛነት ሲደረግ ደግሞ ጥቅሙ ይጨምራል። ጠብታቸውን ግን አይተካም። ቲሞሎል ላይ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የዓይን ጠብታ ቢሆንም በአፍንጫ ቱቦ በኩል ወደ ደም ይገባል፤ የልብ ምትን ይቀንሳል። ዳገት ላይ ልባቸው እንደ ድሮው ላይፈጥን፣ ቶሎ ሊደክማቸው ይችላል። አስም ካለባቸው ደግሞ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪማቸው ዛሬውኑ ይንገሩ። በራሳቸው ግን አያቁሙ። ጠብታውን ካደረጉ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል ቢጫኑ ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል።

ራስን ወደ ታች መድፋት የዓይን ግፊትን ያወጣል። በዮጋ በራስ መቆም ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ይህንን ይተው። ስግደትስ ብለው የሚጠይቁኝ ታማሚዎች ብዙ ናቸው፣ በተለይ በዐቢይ ጾም። ጎንበስ ብሎ መነሳት የሚያመጣው ጭማሪ አጭር ነው። ግላኮማው በደንብ በተያዘ ሰው ላይ ስግደትን የምከለክልበት ምክንያት የለኝም። ነርቩ በጣም የተጎዳ ከሆነ፣ ግንባርን መሬት ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ መቆየትን በተመለከተ ሐኪሙን ያማክር። ለሙስሊም ወንድሞችና እህቶችም ይኸው ነው።

መቆጣጠሪያው የሚደክምባቸው ሰዎችም አሉ። ስኳር፣ ለረጅም ጊዜ ያልታከመ የደም ግፊትና ሲጋራ የስሮቹን የውስጥ ሽፋን ያበላሻሉ። ስኳር ሬቲናውን ነክቶ አዳዲስ ደካማ ስሮች ያበቀለበት ሰው፣ ሬቲናው ሳይታከም ከባድ ክብደት አያንሳ፣ አይዝለል። መራመድ ግን ይችላል።

በስፖርት መሃል ወይም በኋላ አንድ ዓይንህ ብቻ ከጠፋ፣ መጋረጃ የወረደ ከመሰለህ፣ ድንገት ብዙ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም ብልጭታ ካየህ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂድ። ከሩጫ ወይም ከዝላይ በኋላ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና የሚታየውና የሚደበዝዝበት ሰውም መመርመር አለበት፤ የዓይን ቀለም ብናኝ ተራግፎ የፈሳሹን መውጫ የሚዘጋበት የግላኮማ ዓይነት በወጣቶች ላይ አለ።

ለአንተ የምመክርህ ምርመራ የዓይን ግፊት መለካት፣ የዓይን ነርቭን ማየትና የእይታ አድማስን መፈተሽ ነው። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው ስጋቱ ከሌላው ሰው በግልጽ ይበልጣል፤ በሽታው ደግሞ ሲጀምር አያምም። በዚያ ቀን ጠዋት ግን አትሩጥ፤ ግፊትህን ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ሐኪሙን ያሳስተዋል። አንድ ሊትር ውሃም ባንዴ ጨልጠህ አትግባ፤ እሱ ደግሞ ከፍ ያደርገዋል።